ይድረስ ለአዘጋጁ፦ የመለማመጃ ጥያቄ ከነምክንያቱ ይታተም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ትምህርት ጥራትና ስለ ፈተና በአንባብያን ዓምዳችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች እከታተላለሁ። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በፈታኙ አካልና በውጤቱ ላይ ነው፤ ተፈታኙ ከፈተናው በፊት ባሉት ወራት በእጁ ይዞት ስለሚውለው የመለማመጃ ጥያቄ ግን እምብዛም ሲጻፍ አላየሁም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጉድለት ነው።

ሙያዬ አርክቴክቸር ሲሆን የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩና ከኮዬ ፈጬ ከሚመጡ ወጣት አርክቴክቶች ጋር ተቀምጠን፣ በአሜሪካ የአርክቴክትነት ፈቃድ ለማግኘት የሚሰጠውን ፈተና የሚመስሉ ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያነሣን እንወያያለን። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ በኢንተርኔት አማካይነት እዚያ ላሉ ቢሮዎች ወርኪንግ ድሮዊንግ፣ ማለትም ለግንባታ የሚውል ዝርዝር ሥዕል፣ የሚሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ቤተሰብ ተከትለው ለመሄድ ሂደት የጀመሩ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል፣ ወደ ውይይቱ ሲመጡ በስልካቸው የተጫነ ወይም በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ከየሥራቸው አንድ ፊደል ብቻ አስከትሎ የያዘ ጥራዝ ይዘው ይመጣሉ። «መልስ፦ ሐ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። እኔ የምለው፣ የቀሩት ምርጫዎች ለምን እንዳልሆኑ የማያስረዳ የመለማመጃ ጥያቄ ለፈተናውም ለሙያውም አይበጅም ነው፤ እንዲያውም ከሚሰጠው ጥቅም የሚያደርሰው ጉዳት ያመዝናል።

ፈተናውን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ላስረዳ። የሚያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው የአሜሪካ የአርክቴክቸር ምዝገባ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት፣ በአጭር ስሙ ኤንካርብ የሚባለው ነው። አሁን ያለው ፈተና ኤ.አር.ኢ. 5.0 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የቢሮ አስተዳደር፣ የፕሮጀክት አስተዳደር፣ የፕሮግራምና የቦታ ትንተና፣ የፕሮጀክት ዕቅድና ዲዛይን፣ የዲዛይን ማጎልበትና የሰነድ ዝግጅት፣ እንዲሁም የግንባታ ክትትልና ግምገማ ናቸው። ትንሹ ክፍል 65 ጥያቄዎች፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 100 ጥያቄዎች ይይዛሉ፤ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። ከተለመደው ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ሌላ፣ ትክክል የሆኑትን ሁሉ እንዲመርጡ የሚያዝ፣ ቁጥር አስልተው እንዲሞሉ የሚጠይቅ፣ በፕላን ላይ ትክክለኛውን ቦታ ጠቁመው እንዲያሳዩ የሚያደርግ ጥያቄ አለ። ብዙ መልስ በሚመረጥበት ጥያቄ ከሦስቱ ሁለቱን ያገኘ ተፈታኝ ምንም ነጥብ አያገኝም። ከዚህም በላይ በየክፍሉ መጨረሻ ፕላን፣ የውል ቅንጭብና የሕንፃ ኮድ (የግንባታ ደንብ) ገጽ በአንድነት ተሰጥተው ከእነዚያ ሰነዶች መልስ ፈልጎ ማውጣትን የሚጠይቁ የኬዝ ስተዲ ጥያቄዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ፈተናውን በካሜራ ክትትል ቤት ሆኖ መውሰድም ተፈቅዷል። አንድን ክፍል የወደቀ ሰው ያንኑ ክፍል እንደገና ለመፈተን ቢያንስ 60 ቀን መጠበቅ አለበት፤ ክፍያውም በዶላር ስለሆነ እንደ እኛ ባለ አገር መውደቅ ኪስን ያጎድላል።

እንግዲህ ፊደል ብቻ የያዘው ጥራዝ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማሳየት፣ በፈተናው መንገድ እኛው ራሳችን ካዘጋጀናቸው ጥያቄዎች አንዱን በዝርዝር ላቅርብ። አርክቴክቱ በየጊዜው ከሚያደርጋቸው ጉብኝቶች በአንዱ ወደ ሳይት ሲሄድ፣ አምስት ሜትር የሚጠልቅ ቁፋሮ ያለ አንዳች ድጋፍ ተከፍቶ፣ ሠራተኞች ከሥሩ ገብተው የመሠረት ጉድጓድ ሲያጸዱ ያያል። በመጀመሪያ ምን ማድረግ ይገባዋል? ሀ፣ ሥራው በሙሉ እንዲቆም ያዝዛል። ለ፣ ድጋፉ እንዴት እንደሚሠራ በሥዕል ለሥራ ተቋራጩ ይሰጣል። ሐ፣ አደጋውን እዚያው ለሥራ ተቋራጩ ይነግራል፤ ለአሠሪውም ሳይዘገይ በጽሑፍ ያሳውቃል። መ፣ የአሠራር ዘዴ የሥራ ተቋራጩ ኃላፊነት ስለሆነ ምንም ሳይል ያልፋል።

በቡድናችን ይህን ጥያቄ ስናነሣ አብዛኞቹ እጃቸውን ያወጡት ለ«ሀ» ነበር። አንዲት ወጣት፣ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ የሚያስቆመው ተቆጣጣሪው ነው፤ ሰው ሊቀበር ደብዳቤ ይጻፋል እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እሷ ያደገችበት ሙያ፣ አማካሪው ድርጅት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ በሳይት ላይ አስቀምጦ በየቀኑ የሚያስውልበት፣ ብረት ሳይታይና ሳይፈረም ኮንክሪት የማይሞላበት ነው። በአገራችን ትልልቅ ሥራዎች በብዛት የሚታየው የፊዲክ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ ውል ደግሞ መሐንዲሱ ሥራው እንዲቋረጥ የማዘዝ ሥልጣን እንዳለው በግልጽ ይደነግጋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሠራ ሰው «ሀ»ን ቢመርጥ የተማረውን መለሰ እንጂ አላዋቂ አያሰኘውም።

የአሜሪካው ፈተና ግን የሚያነበው ሌላ ውል ነው። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም የሚያሳትመው ኤ201 የተባለው የጠቅላላ ሁኔታዎች ሰነድ፣ አርክቴክቱ ሳይቱን የሚጎበኘው ለሥራው ደረጃ ተስማሚ በሆነ ጊዜ ልዩነት እንደሆነ፣ የአሠራር ዘዴና የሳይት ደኅንነት በሥራ ተቋራጩ እጅ እንደሆነ፣ ከውሉ ጋር የማይስማማውን ሥራ ውድቅ ማድረግ ቢችልም ሥራን የማስቆም መብት ግን የአሠሪው እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ «ሀ» ውሉ ያልሰጠውን ሥልጣን መውሰድ ይሆናል፤ ሥራ ተቋራጩም ለቆመበት ጊዜ ገንዘብና ቀን ሊጠይቅበት ይችላል። «ለ» ቅን ሐሳብ ይመስላል፤ ነገር ግን አርክቴክቱ ድጋፉን በሥዕል ከሰጠ የድጋፉን ኃላፊነት ከሥራ ተቋራጩ ትከሻ አንሥቶ ወደ ራሱ ያዛውራል፤ ድጋፉ ቢናድ ተጠያቂው እሱ ነው። «መ» ከውሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ቆንጽሎ ሌላውን የረሳ ሰው የሚመርጠው ነው፤ ዘዴው የሥራ ተቋራጩ መሆኑ፣ አደጋን በዓይኑ ያየ ባለሙያ ዝም እንዲል አይፈቅድም፤ የፈቃዱ መሠረት ራሱ የሕዝብን ጤና፣ ደኅንነትና ደኅና ኑሮ መጠበቅ ነውና። የቀረው «ሐ» ነው። ወጣቷ እንደፈራችው ሰው ሊቀበር ሲል ደብዳቤ ማርቀቅ ማለት አይደለም፤ ቃሉ መጀመሪያ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይነገራል፣ ጽሑፉ ይከተላል።

አሁን ይህን ጥያቄ «ሐ» ብሎ ብቻ የሸመደደውን ተፈታኝ እናስብ። በፈተናው ላይ ጥያቄው ትንሽ ተለውጦ፣ ሥራ ተቋራጩ ከሥዕሉ ውጪ የሠራው የብረት ሥራ ኮንክሪት ሳይሞላበት ሲገኝ ምን ይደረግ ተብሎ ቢመጣ፣ የለመደውን «አሳውቅ» የሚል ምርጫ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ግን አርክቴክቱ ሥራውን ውድቅ የማድረግ ሥልጣን አለው። ከዚያም ይህ ሰው እዚሁ አዲስ አበባ ሳይት ሲገባ፣ ተቆጣጣሪ ተብሎ ተመድቦ ሳለ፣ ማስቆም የሚችለውንና የሚገባውን ሥራ በማሳወቅ ብቻ ሊያልፈው ይችላል። በእኛ ዳርቻ ሰፈሮች ይህ ተራ ነገር አይደለም። ከአስፋልቱ ዳር ቤዝመንት ያለው ሕንፃ ለመሥራት ቁፋሮው እስከ ወሰን ድረስ ይከፈታል፤ ከወሰኑ ማዶ ደግሞ ሰው የሚኖርበት የጭቃ ቤት ወይም የብሎኬት አጥር አለ፤ ክረምቱ ሲገባ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚቆም ባለሙያ መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው በየትኛው ውል፣ በምን ኃላፊነት እዚያ እንደቆመ ነው። ምክንያቱ የተጻፈለት ተፈታኝ ይህን ይዞ ይሄዳል፤ ፊደል የያዘው ግን ፊደሉን ብቻ።

ሁለተኛው ጉዳይ ስለ ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ በጣም ግልጽ ስለሆነ ብዙ አልዘበዝብም። ጠረጴዛና ወንበር የሚደረደርበት አዳራሽ በጠቅላላው 3,600 ካሬ ጫማ ስፋት አለው፤ ከዚህ ውስጥ 600ው ኮሪደርና መጸዳጃ ነው። የአሜሪካ ከተሞች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ ለእንዲህ ያለ አዳራሽ ለአንድ ሰው 15 ካሬ ጫማ የተጣራ ስፋት ይመድባል። ትክክለኛው መልስ 3,000 ለ15 ተካፍሎ 200 ሰው ነው። ከምርጫዎቹ ውስጥ ግን 240 የሚል አለ፤ ይህም 3,600ውን በሙሉ ለ15 ላካፈለ ሰው የተዘጋጀ ነው። ሌላው ምርጫ 429 ነው፤ እሱም ወንበር ብቻ የሚደረደርበትን አዳራሽ ስሌት፣ ማለትም 7 ካሬ ጫማን፣ ለወሰደ ሰው ነው። ጥያቄ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የተሳሳቱትን ምርጫዎች እንዲሁ ከአየር አያመጣቸውም፤ ተፈታኙ ሊሳሳት የሚችልባቸውን መንገዶች አስቦ፣ የእያንዳንዱን መንገድ መድረሻ ቁጥር ያስቀምጣል። ስለዚህ 240ን የመረጠ ልጅ ስሌት ሳይሆን በጠቅላላና በተጣራ ስፋት መካከል ያለው ልዩነት እንደጎደለው ወዲያው ይታወቃል። ሐኪም የደም ምርመራ ውጤት እንደሚያነብ፣ የተሳሳተውን ምርጫ ማንበብ የሚችል አስጠኚ ልጁ ምን እንዳመለጠው ያያል። «መልስ፦ 200» የሚለው ወረቀት ግን ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ያረጁ መልሶችን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ለቢሮ አገልግሎት የሚመደበው ስፋት በዚያው ኮድ እስከ እ.ኤ.አ. 2015ቱ እትም ድረስ ለአንድ ሰው 100 ካሬ ጫማ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 2018ቱ እትም ወዲህ 150 ሆኗል። 15,000 ካሬ ጫማ የሆነ ቢሮ በቀድሞው ስሌት 150 ሰው፣ በአዲሱ 100 ሰው ይይዛል ማለት ነው። በየስልኩ ከሚዞሩት ጥራዞች ብዙዎቹ በየትኛው እትም እንደተዘጋጁ አይናገሩም። እንዲያውም አንዳንዶቹ የሰባት ክፍሉን፣ ተፈታኙ በኮምፒውተር ላይ ንድፍ እየሣለ ይመልስ የነበረበትን የቀድሞውን ኤ.አር.ኢ. 4.0 ጥያቄዎች ይዘዋል፤ ያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2018 አጋማሽ ተዘግቷል። የውል ሰነዶቹም እንዲሁ ናቸው፤ ኤ201 በእ.ኤ.አ. 2017 እትሙ የኢንሹራንስ ዝርዝሩን አብዛኛውን ወደ ሌላ ሰነድ አባሪ አዛውሯል፤ የ2007ቱን አንቀጽ ቁጥር በቃሉ የያዘ ተፈታኝ የሚፈልገውን በቦታው አያገኘውም። ምክንያት የተጻፈበት ጥያቄ ቢያረጅ እንኳ አንባቢው ማርጀቱን ማየት ይችላል፤ መሠረቱ ከፊቱ ስላለ።

ሦስተኛው ጉዳይ፣ ምናልባትም ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ከሌላ አገር አየርና መሬት ጋር ተጣብቀው የሚመጡ መልሶች ናቸው። በመለማመጃ ጥራዞቹ ውስጥ ፀሐይን ስለ መቀበል የሚጠይቅ ጥያቄ በብዛት አለ፤ መልሱም በደቡብ በኩል ሰፊ መስኮት ማድረግና ከላዩ ጥላ መዘርጋት ነው። ይህ በአህጉራዊቷ አሜሪካ ልክ ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። በግንቦት ቀትር ላይ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ጥላው ወዴት እንደወደቀ ያየ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። የሚያሳዝነው ግን «ደቡብ» የሚለውን መልስ ከጥራዝ የወሰደ ወጣት፣ ለኮዬ ፈጬ ነዋሪ በሚሠራው ቤት ላይ የደቡቡን መስኮት በጥላ አጥሮ የሰሜኑን ያለ ምንም መከለያ መተዉ ነው።

የመሠረት ጥልቀትም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው ጥያቄ መሠረቱ መሬት በብርድ በረዶ ከሚሆንበት ጥልቀት በታች እንዲወርድ ይፈልጋል፤ በቺካጎ ይህ 42 ኢንች፣ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። እኛ ዘንድ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጎመን ያቃጥል እንደሆነ እንጂ ወደ መሬት ውስጥ ጠልቆ መሠረት አያነሣም። እኛን የሚያስቸግረን ጥቁር አፈር ነው። በአቃቂና በቦሌ ዙሪያ ባሉት ሜዳዎች ያለው ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ወይ መሠረቱ ከሚንቀሳቀሰው ንጣፍ በታች ይወርዳል፣ ወይ አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለትም በተመረጠ የማያብጥ ሙሌት፣ ይተካል። ልብ ላለው አንባቢ ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ሐሳብ ይገናኛሉ፤ መሠረት ከሚንቀሳቀስ አፈር በታች ይቀመጥ የሚል ነው። ምክንያቱ ቢጻፍ ኖሮ የቺካጎው ጥያቄ ለአቃቂ ይጠቅም ነበር፤ 42 ኢንች ብቻ ሲጻፍ ግን ለአቃቂ የሚጠቅም ምንም አይተርፈውም።

በአንጻሩ ያለ ምንም ለውጥ ወደ እኛ የሚሻገሩ ጥያቄዎችም አሉ፤ ይህን ካልተናገርኩ ሚዛን ያጎድላል። የምድር ቤቱ ወለል ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለሱቅ ተብሎ ያለ ግድግዳ የሚቀር፣ ከላይ ያሉት ወለሎች ግን በግድግዳ የተሞሉ ሕንፃ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ጉዳቱ የሚያርፍበት ቦታ የት ነው የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ አንዱ ነው። መልሱ የታችኛው ወለል ምሰሶዎች ናቸው፤ ከላይ ያለው በብሎኬት የታሰረ አካል እንደ አንድ ሣጥን ሲንቀሳቀስ፣ እንቅስቃሴው በሙሉ በታችኛዎቹ ምሰሶዎች ላይ ይወድቃልና። በዳርቻ ሰፈሮቻችን ዋና መንገድ ዳር ያሉትን ሕንፃዎች እስቲ እንይ፤ ታች ባለ መስታወት ሱቅ፣ ላይ ብሎኬት። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ በኮንዶሚኒየም ላይኛ ወለሎች ሳይቀር ሲሰማ የሰነበተ ሰው ይህ ጥያቄ ለማን እንደተጻፈ አይጠይቅም።

ከፈተና ክፍል ወጥተው የሚሸጡ ጥያቄዎች ስለመኖራቸውም ይወራል። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ተፈታኙ ከመጀመሩ በፊት የፈተናውን ይዘት ለሌላ ላለማሳለፍ ይስማማል፤ ይህን የጣሰ ውጤቱ ሊሰረዝበትና ከመፈተን ሊታገድ ይችላል። ከሕጉም በላይ፣ እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚገዛ ሰው የሚያገኘው በሌላ ሰው ትዝታ ውስጥ የተዛባ ጥያቄና ያ ሰው የገመተውን መልስ ነው። ኤንካርብ ራሱ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሆን የመለማመጃ ፈተና አዘጋጅቶ ለተመዝጋቢዎች በነፃ ያቀርባል፤ ጊዜውን ከዚያ መጀመር ይሻላል።

በቡድናችን የምንከተለው አካሄድ ቀላል ነው። ጥያቄው ሲነበብ ምርጫዎቹ ይሸፈናሉ፤ ከዚያ አንዱ ልጅ ይህ አርክቴክት ማን ቀጥሮት እንደሚሠራ፣ ሥራው ከቅድመ ዲዛይን እስከ ርክክብ በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ፣ ጥያቄውም የሚፈልገው የመጀመሪያውን እርምጃ ይሁን የተሻለውን ወይም የማይገባውን በቃሉ ይናገራል። ምርጫዎቹ ሲገለጡ ደግሞ ትክክለኛውን ከመጠቆም አስቀድሞ፣ የተሳሳቱት እያንዳንዳቸው በምን ምክንያት እንደሚወድቁ ተራ በተራ ይነገራል። የሚገርመው፣ ትክክለኛውን መልስ በአንድ ድምፅ የያዙ ልጆች ወደ ምክንያቱ ሲመጡ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ። ክርክሩ ሲረዝም ውሉን ወይም ኮዱን ገልጠን እናነባለን፤ አንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ጥያቄ ሳንጨርስ የምንለያይበት ጊዜ ብዙ ነው። መቶ ጥያቄ በአንድ ቀን እንጨርሳለን የሚሉ ወጣቶች መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ስንፍና ያዩታል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ የሚተው ጥያቄ እንደማይኖር፣ ጊዜ የሚበላውን ጥያቄ ምልክት አድርጎ ማለፍ እንደሚቻል የመሳሰሉትን የአፈታተን ብልሃቶች ግን በአንድ ቀን ነግረን ጨርሰናል፤ ከዚያ በላይ ጊዜ አይገባቸውም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ የአርክቴክቸር ተመራቂዎችም ከዚህ ውስጥ ናቸው። ፈተናው በመጀመሩ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ፈተና በተጀመረ ማግስት የመልስ ጥራዝ ገበያ ደርቷል፤ ልጆቹም ያንኑ ልማድ ይዘው ወደ ውጪው ፈተና ይሻገራሉ። የገዛ ሕጋችንን መሠረት ያደረገ፣ በአማርኛ የተብራራ የመለማመጃ ጥያቄ በበቂ ሁኔታ የለንም፤ ስለዚህ ወጣቶቹ የቺካጎን የውርጭ ጥልቀት ሲያውቁ የአገራቸውን የሕንፃ አዋጅ አይገልጡትም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማዘጋጀት ከባድ እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። በምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ሕንፃ በምድብ ሀ ይመደብ ነበር፤ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች፣ ፋብሪካዎችና ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ደግሞ በምድብ ሐ ነበሩ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በአንድ ወረዳ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሆን፣ ባለ አንድ ወለል፣ በምሰሶዎቹ መካከል 6 ሜትር ያለው ሕንፃ በዚያ አዋጅ መሠረት በየትኛው ምድብ ይሆናል? ቁጥሩን ብቻ ያየ ተፈታኝ «ሀ» ይላል፤ አንድ ወለል ነው፣ ስድስትም ከሰባት ያንሳል። ትክክለኛው ግን ሐ ነው፤ የሕንፃው አገልግሎት ከስፋቱ ይቀድማልና። ከዚህ ቀጥሎ፣ ያ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ሕንፃ እንደመሆኑ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው ያው አዋጅ ያስገድድ ስለነበር፣ ወለሉ ከደጁ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቢሆንና መወጣጫው አንድ ለአሥራ ሁለት ቢሠራ ስንት ሜትር ርዝመት ይፈልጋል ብሎ መቀጠል ይቻላል። 9 ሜትር ያለ ተፈታኝ ስሌቱን ያውቃል፤ ዊልቸር የሚያርፍበትንና የሚዞርበትን ደልዳላ ቦታ ከላይና ከታች የጨመረ ግን ሕንፃውን ያውቃል። ሕጉ ሲሻሻል ጥያቄውም አብሮ ይሻሻላል፤ ምክንያቱ ከሥሩ እስከተጻፈ ድረስ የትኛው መስመር መለወጥ እንዳለበት ለማየት አያስቸግርም።

ስለዚህ በእናንተ በኩል የሚከተሉትን እጠይቃለሁ። በልደታ ካለው፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ሕንፃ ኮሌጅ ከምንለው ተቋም ጀምሮ የአርክቴክቸር ትምህርት የሚሰጡ ክፍሎች፣ እንዲሁም የባለሙያ ምዝገባ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ያለፉ ፈተናዎችን መልስ ከማውጣት ይልቅ ጥቂት ጥያቄዎችን ከነሙሉ ማብራሪያቸው እንዲያወጡ፣ በእያንዳንዱም ላይ የተመሠረተበትን ሕግ፣ የውል ዓይነትና የእትም ዓመት እንዲጽፉ ጋዜጣችሁ ጉዳዩን አንሥቶ ይጠይቅልን። ጥራዝ እያባዙ የሚሸጡትም ቢሆኑ፣ መሸጣቸው ካልቀረ፣ ዓመተ ምሕረቱን እንኳ በሽፋኑ ላይ ይጻፉ።

እኔም በበኩሌ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን የቁፋሮውንና የቤተ መጻሕፍቱን ጨምሮ በቡድናችን የተወያየንባቸውን ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው ለዝግጅት ክፍላችሁ ልልክ ዝግጁ ነኝ። ከመታተማቸው በፊት ግን አንድ የውል ሕግ ባለሙያና አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ እንዲያዩአቸው እጠይቃለሁ፤ በተለይ ስለ ፊዲክና ስለ ኤ201 የተጻፈው ማብራሪያ እዚህም እዚያም የሠራ ሰው ቢያርመው ደስ ይለኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ አርክቴክት
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ